ቀዳሚ ንባብ

ሃያ ስምንት ዓመት ቆጣሪ አነበብኩ፤
ከአራዳ ማራኪ፣ ከቀሃ ቁስቋም፣ አጥር ለአጥር ዞርኩ፤
ውሻው በጠረኔ፣ ባለቤቱ ደግሞ በደብተሬ አወቀኝ፤
ካርድ ቆጣሪ መጣ።
አንድ ሐሙስ ከሰዓት መሸኛዬ ደረሰኝ።

በስንብቱ ብር ላይ የእቁቤን ጨምሬ
ብስክሌት ገዛሁኝ፣ ራሴን አማክሬ።
ያ የጥንቱ ዓይነት እንዳይመስላችሁ፣ ኮርቻው የተንጣለለ፣
ከኋላው ዕቃ መጫኛ ያለው፤
ይህ የአስፋልት ነው፤ ጎማው ከአውራ ጣት የማይሰፋ፣
መሪው እንደ አውራ በግ ቀንድ ቁልቁል የታጠፈ፣
ግድግዳ ላይ ተደግፎ እንኳ የሚሮጥ የሚመስል።

«ለመጀመሪያ ቀን ስንት ኪሎሜትር ይበቃል?» ብዬ ጠየቅሁ።
ባየልኝ ጠጋኙ፣ እጁ በግራሶ እንደጠቆረ፣
«አዘዞ!» አለኝ፤ «አሥራ ሁለት ናት፣ እሷም ቁልቁል» ብሎ መሰከረ።
መምህር ፈንታዬ፣ በሕይወቱ ፔዳል ረግጦ የማያውቅ፣
«ጠዳ ያልደረሰ ጋለብኩ አይበል» አለ፣ ሳይስቅ።
አስካለ ጉልበቴን አየችው፣ ዝም ብላ ትንሽ ቆይታ፤
«እስከ መድኃኒት ቤቱ። ቅባትም ይዘህ ና ለማታ።»

ቅዳሜ ማለዳ የባየልኝን ምክር ያዝኩ፤
ከፒያሳ ወረድኩ።
ወረድኩ ማለት እንኳ ግፍ ነው፤ ፈሰስኩ።
እግሬ ሥራ ፈታ። ሸሚዜ እንደ ድንኳን ተነፋ።
ዩኒቨርሲቲውን እኔ አላለፍኩትም፤ እሱ ነው በጎኔ ያለፈው።
ሚኒባስም ቀደምኩ፤
አንድ። ቆሞ ሰው ሲያወርድ ነው፤ ቢሆንም ቀደምኩ።
ፀሐይዋ ግንባሬን ሳታሞቀው አዘዞ ደርሼ
አምቦ ውሃ ጠጣሁ፣ እንደ ጎረምሳ አፌን በክንዴ አብሼ።
«ይኸው ነው እንዴ?» አልኩ። ጠዳም አማረችኝ፤
ደግነቱ አስካለ ደወለች፣ «ና» ብላ ጠራችኝ።

ዞርኩ።
ያ ፊቱ የፈካ መንገድ ተነሥቶ ቆመ እንደ ግድግዳ።
ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፣ ለሰው ስናገር የኖርኩት የዕዳ
ነገር፤ አምፖል ሲበራ ማንም ሒሳብ አያስብም፤
ቆጣሪው ግን በጨለማ ሲዞር ያድራል፣ አይተኛም።
ቁልቁለት ዱቤ ነው። ወረቀቱ የሚመጣው በኋላ ነው።
ለእኔ ማራኪ ሳልደርስ መጣ፤ ያነበብኩት በሳንባዬ ነው።

ወርጄ ገፋሁት።
አንድ የባጃጅ ልጅ ዝግ ብሎ ጎኔ ደረሰና
«አባባ፣ ማን ማንን ነው የሚነዳው?» ብሎኝ ሳቀና
ሄደ።
ከሰማያዊው በር ወይዘሮ እናኑ ብቅ አሉ፦
«ቆጣሪ! ዛሬም መጣህ? እኛ እኮ ካርድ ነን!» አሉ።
ውሃ በጆግ ሰጡኝ። ግማሹን ጠጣሁ፣ ግማሹን በአንገቴ አፈሰስኩ።
ካርድ።
ቅድሚያ ክፈል፣ ከዚያ አብራ።
እንጀራዬን የቀማኝን ነገር፣ እዚያው እንደቆምኩ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኩ።

ማክሰኞ (እሑድና ሰኞ ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ነው)
ፊቴን ወደ ጎሃ ዳገት አዞርኩ።
ማርሹን አቅልዬ እንደ ኤሊ ተሳብኩ፤
ሦስት ጊዜ ቆምኩ፣ አንዴ ባሕር ዛፍ አቅፌ፣ እንደጠፋ ወንድሜ።
ላይ ከበሩ ስደርስ ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ።
«ማንንም» አልኩ፣ ትንፋሼ ሲመለስ።
ከተማዋ ከታች። ከየትኛው ቆርቆሮ ሥር፣ በየትኛው ግድግዳ
ቆጣሪ እንደተሰቀለ በዓይኔ ስለቅም ቆየሁ፣ ያለ ዕዳ።
ከዚያ ወረድኩ።
ያ ንፋስ የተከፈለበት ነበር።

አሮጌውን ደብተር አወጣሁ። ቀዳሚ ንባብ፦ ዜሮ።
የአሁን ንባብ፦ ሦስት ተኩል።
ባየልኝ አይቶ «ሦስት? ለዚህ ነው ያ ሁሉ ብር?» አለ፤
ጎማውን ግን ጫን ጫን አድርጎ ንፋስ ጨመረልኝ፣ ሒሳብም አልተቀበለ።
ሐሙስ፦ አራት። እሑድ፦ አምስት።
ለአዘዞ ገና ነኝ፤ እሷም የትም አትሄድ።

«የደንበኛ ፊርማ» የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። ዛሬ ሳየው
አስካለ «ሽንኩርት አምስት ኪሎ፣ ምስር፣ ሳሙና» ብላ ጽፋበታለች።
ቅዳሜ ገበያ ቅርብ ነው።
ሲሄዱ ቁልቁል ነው።